ሽቶው ጠፋብኝ ላልሽው እህቴ

«አራት ኪሎ ለስላሳ የአበባ ሽቶ ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ልብ የሚሰውር ነበር፣ ቢሮ ሳልደርስ ጠፋ። ፌክ ነው ወይስ ባህሪው ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ያንቺን ጠርሙስ ሳላየው አልፈርድም። እኔ ላይ የደረሰውን ግን ልንገርሽ።

የእኔ ክሎኤ ኦ ደ ፓርፋም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ አንገቱ ላይ ሪባን የታሰረለት። ፒያሳ አንድ ሱቅ ወረቀት ላይ ሞክሬ ገዛሁት። በማግስቱ ሁለቴ ረጭቼ ወጣሁ። ሜክሲኮ ደርሼ እጄን ባሸትት ምንም የለም። ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ ባለሱቁን ተጨቃጨቅሁት። እሱ «ኦርጅናል ነው» እያለ ይምላል፣ እኔ አልሰማም። የዚያኑ ቀን ማታ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት «የኔ ልጅ፣ ምን ተቀብተሽ ነው? ታጥቦ የተተኮሰ አንሶላ አንሶላ ትሸቻለሽ» አሉኝ። እስከዛሬ በዚያ ሱቅ በር ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው።

ለካ የጠፋው ሽቶው ሳይሆን የእኔ አፍንጫ ነው። አፍንጫ አንድ ሽታ ሲቆይበት ይለምደዋል። ቡና የሚፈላበት ቤት ስትገቢ ጭሱና እጣኑ ይቀበልሻል፤ ቶናው ላይ ስትደርሺ ረስተሽዋል። ቤቱ ግን እንደታጠነ ነው። ደግሞ ለስላሳ ሽቶ ኡድ እንደሚባለው ከባድ የእንጨት ሽቶ ከባለቤቱ ቀድሞ ደረጃ አይወጣም። ቆዳ ላይ ተጠግቶ ነው የሚቆየው።

የክሎኤ ሽታ በየተራ እንዴት እንደሚመጣ ልንገርሽ። መጀመሪያ ሊቺ የሚባለው ፍሬ፣ ፍሪዥያና ፒዮኒ ከሚባሉት አበቦች ጋር ይመጣል፤ እርጥብ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ነገር። ይሄ ሩብ ሰዓት ቢቆይ ነው። አንቺም ሱቅ ውስጥ የወደድሽው ይሄንን ይመስለኛል። ቀጥሎ ጽጌረዳው ይከፈታል። ከሆለታ የሚመጣውን የእቅፍ አበባ እንዳታስቢ! እሱ ተቆርጦ ብዙ ቀን እንዲቆይ ተብሎ የተዳቀለ ስለሆነ ሽታው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የአያቶቻችን አጥር ላይ የሚወጣውን አስቢ፣ ያውም ጠዋት ጤዛ እንዳለበት። መጨረሻ ላይ አምበር የሚሉት ሞቅ ያለ ጣፋጭ ሽታና ሴዳር ይቀራሉ። ቨርጂኒያ ሴዳር የሚሉት እንጨት የእኛ የጽድ ዘመድ ነው፤ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ስታሸቺ የምታገኚው ዓይነት። አንዳንዱ «ሳሙና ሳሙና ይላል» ብሎ ያናንቀዋል። እኔ የምወደው እሱን ነው።

አንድ ሰው አስተያየት ላይ «ከእውነተኛ አበባ ካልተጨመቀ ፌክ ነው» ብሏል። አይደለም። ፒዮኒ በሽቶ ደረጃ ዘይት አይሰጥም፤ ሽታውን ባለሙያዎች ከሌሎች ነገሮች ቀምመው ነው የሚሠሩት። ትልልቆቹም ሽቶ ሠሪ ቤቶች እንዲሁ ነው የሚያደርጉት።

ወረቀት ላይ ብቻ ሞክረሽ ደግሞ አትግዢ። ወረቀት እንደ ገላ ሙቀት የለውም። ጠዋት ምንም ሳትቀቢ ሂጂና አንዴ ብቻ እጅሽ ላይ ርጪ። ከዚያ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ውረጂ። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አሽቺው፣ ፍሬው እየሄደ ነው። ብሔራዊ ቴአትር ጋ ማኪያቶ ጠጪና ድገሚው፣ አሁን ጽጌረዳው ነው። ሌላ ጉዳይሽን ጨርሰሽ ከሰዓት በኋላ የቀረውን ከወደድሽው ተመልሰሽ ግዢ። ሱቅ ውስጥ «አፍንጫሽን አጽጂ» ብለው የቡና ፍሬ ሲሰጡሽ ደግሞ በምስጋና መልሺላቸው። እኛን ቡና ሊያሸቱን! እሱም ሌላ ሽታ ነው። የራስሽን ክንድ ብታሸቺ ይሻላል።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ አየሩ ቆዳ ያደርቃል። ደረቅ ቆዳ ላይ ሽቶ አይበረክትም። እኔ መጀመሪያ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርጌ ቀብቼ ነው የምረጨው። እጅ ለእጅ ማሸቱንም ትቻለሁ። ሻርፕ ላይ የበለጠ ይቆያል፤ ነጭ ነጠላ ላይ ግን ነጠብጣብ ሊጥል ስለሚችል ጫፉ ላይ ሞክሪው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ርጪና አራት ሰዓት ላይ ቢሮ አጠገብሽ ለምትቀመጠው ልጅ አንገትሽን አስጠጊያት። ሽቶ የማትቀባ ብትሆን ይመረጣል። እሷም ምንም ካልሸተታት፣ ያኔ ጠርሙሱንም ደረሰኙንም ይዘሽ ተመለሺ።