ለባልደረባ ተሟግቶ ከሥራ መባረር፦ ጥያቄና መልስ

ከኮምቦልቻ፣ ከደሴና ከአካባቢው የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደሩ ሠራተኞችን ይመለከታሉ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ኃላፊው ነፍሰ ጡር ባልደረባችንን ሌሊት ፈረቃ ሲመድባት «ይሄ ልክ አይደለም» አልኩት። በሦስተኛው ቀን «አምባጓሮ ፈጥረሃል» የሚል የስንብት ደብዳቤ ሰጡኝ። መብት አለኝ?

መልስ፦ አብሽር፣ አለህ። ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው፤ የተናገርከው ትክክል ነበር። ፍርድ ቤት የሚመረምረው ግን አንተ የተባረርክበትን ምክንያት ነው። አንቀጽ 26(2) በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብም ሆነ በክስ ሂደት መሳተፍ ለማሰናበት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። አንቀጽ 27 ደግሞ አምባጓሮን፣ እንደ ክብደቱ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ይፈቅዳል። ስለዚህ ሙግቱ «ቅሬታ ነበር ወይስ ጠብ?» የሚለው ነው። በቃል ብቻ የተነገረ ነገር በቀላሉ «ጠብ» ተብሎ ይጻፋል። አሁኑኑ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል በቃሉ ጻፍ፤ እጅ እንዳልተነሳና ሥራ እንዳልቆመ የሚመሰክሩ ሁለት ሦስት ሰዎችን ለይ። የፈረቃ ሰሌዳው ፎቶ ካለ አስቀምጠው። አምባጓሮ መኖሩን ማስረዳት የአሠሪው ሸክም ነው።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ደብዳቤ የለም፤ ጥበቃው «እንዳትገቢ ተብሏል» አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አደገኛው ይሄ ነው። ቤትሽ ከተቀመጥሽ «ራሷ ቀረች» ይላሉ፣ መባረርሽን ማስረዳትም አንቺ ላይ ይወድቃል። በማግስቱ በሥራ ሰዓት ከሁለት ሰው ጋር በር ላይ ሂጂ። «ለሥራ ተዘጋጅቻለሁ፣ እንዳልገባ ተከልክያለሁ» የሚል ማመልከቻ በሁለት ኮፒ አዘጋጂ፤ አንዱን ለድርጅቱ መዝገብ ቤት ሰጥተሽ ሌላው ላይ ማኅተም አስደርጊ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ በፖስታ ላኪ፤ ደረሰኙ ማስረጃ ነው።

ጥያቄ (ሐይቅ)፦ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብለህ ፈርም፣ ደመወዝህን ዛሬ ውሰድ አሉኝ።

መልስ፦ አትፈርም። የሠራህበት ደመወዝ ፊርማ የሚጠይቅ ስጦታ አይደለም፤ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። የግድ መቀበያ ላይ የምትፈርም ከሆነ «ደመወዜን ብቻ ተቀብያለሁ» ብለህ በእጅህ ጨምርበት።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ሽማግሌ ልከናል። ክሱን እስኪጨርሱ ላቆየው?

መልስ፦ ሽምግልናው ይቀጥል፣ ክሱ ግን አይቆይ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ተብሎ) ይታገዳል፤ በሽማግሌ መነጋገር ቀኑን አያቆመውም። ጥር 10 የተባረረ ሰው ሚያዝያ 10ን መጠበቅ የለበትም፣ በመጋቢት ውስጥ መዝገብ ይክፈት። የክፍያ ጥያቄ 6 ወር አለው። ብዙ ሰው የሚወድቀው ደካማ ማስረጃ ይዞ አይደለም፤ «ዛሬ ነገ እንስማማለን» እየተባለ ቀኑ አልፎበት ነው። ሽማግሌዎቹ ካስማሙ ክሱን ማንሳት ይቻላል።

ጥያቄ (ደሴ)፦ የት ነው የሚከሰሰው? ምን ያህልስ ይከፈለኛል?

መልስ፦ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ የሥራ ክርክር ችሎት። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ውሳኔው በ60 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል፣ በተግባር ሊዘገይ ይችላል። ይግባኝ 30 ቀን ነው። ማመልከቻ ጸሐፊው ዳኝነቱን፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲወስንልህ የምትጠይቀውን፣ በሁለት ደረጃ ይጻፈው፦ በዋናነት ወደ ሥራ መመለስና ውዝፍ ደመወዝ (በመጀመሪያው ፍርድ እስከ 6 ወር)፣ በአማራጭ ካሳ፣ የስንብት ክፍያና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ። አማራጩ ካልተጻፈ በኋላ መጨመሩ ራስ ምታት ነው።

ለምሳሌ የቀን አማካይ ደመወዝ 200 ብር፣ አገልግሎት 4 ዓመት፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ቢሆን፦ ካሳ 180 ቀን ሲባዛ 36,000። ስንብት ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን 6,000፣ ለተከታዮቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ የዚያ ሲሶ 2,000፣ ድምር 12,000። ማስጠንቀቂያ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር ነው፣ 12,000። ጠቅላላ 60,000 ብር።

ጥያቄ (ወልድያ)፦ ምስክሮቼ አሁንም እዚያው ይሠራሉ፣ ፈርተዋል።

መልስ፦ በፈቃዳቸው መጡ እንዳይባል በፍርድ ቤት መጥሪያ አስጠራቸው። የመሰከረ ሠራተኛን በዚሁ ምክንያት ማባረር ራሱ በ26(2) የተከለከለ ነው፤ ይህንን አንብብላቸው። እምቢ ካሉ ሥራ የለቀቀ ባልደረባ ፈልግ፣ ይሻላል።

ጥያቄ (ቆቦ)፦ ገና በሙከራ ላይ ነበርኩ።

መልስ፦ ሙከራው እስከ 60 የሥራ ቀናት ነው፤ በዚያ ጊዜ ለሥራው ብቁ አይደለህም ተብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ መሰናበት ይቻላል። ክሱ ከባድ ነው። ቀኖቹን ቁጠር፤ 60ው ካለፈ ሙከራ የሚለው ሰበብ አይሠራም።

ጥያቄ (ወልድያ)፦ እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ።

መልስ፦ ያንተ ጉዳይ በዚህ አዋጅ አይታይም። በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ መሠረት ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው የሚቀርበው፤ ጊዜውም የተለየ ስለሆነ ደብዳቤውን ይዘህ በዚህ ሳምንት ጠይቅ።