ከእቶን ፊት መሥራት የዓይን ሞራ ያመጣል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 35 ነው። ብረት በሚቀለጥበት ፋብሪካ ከእቶኑ ፊት ስሠራ 9 ዓመት ሆነኝ። ማታ ማታ ዓይኔ ይደርቃል፤ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል። ባልደረቦቼ «ሙቀቱ ሞራ ያመጣብሃል» ይሉኛል። ሕመም ሳይሰማኝ ሞራ ሊይዘኝ ይችላል?

መልስ፦ አዎ፣ ይችላል። ክፋቱም ሳያምዎት መምጣቱ ነው።

በተለመደው ቀን ዓይን የሚሞቀው ከኋላ ነው። ከጀርባው የሚዘዋወረው ደም 37 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ኮርኒያ የምንለው የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን ግን አየር ስለሚነካውና እንባ ስለሚተንበት ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ይሆናል። እቶን ፊት ሲቆሙ ሙቀቱ በተቃራኒው ከፊት ይገባል።

የዓይንን ሙቀት በኮምፒውተር የሚያሰሉ ባለሙያዎች ዓይንን ወደ ብዙ ሺህ ጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍለው፣ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ የሚቀበለውንና የሚያስተላልፈውን ሙቀት ይቆጥራሉ። በስሌቱ ውስጥ ደካማው ቦታ ሌንሱ ነው፤ ይህም ከብሌኑ ጀርባ ያለው ጥርት ያለ ክፍል ሲሆን፣ ሞራ የምንለው የእሱ መደፍረስ ነው። በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ያነሰ ሙቀት ያስተላልፋል፤ ሙቀቱን ጠርጎ የሚወስድለት የደም ሥርም፣ «ተቃጠልኩ» የሚያሰኝ ነርቭም የለውም።

1,200 ዲግሪ የደረሰ እቶን ከሚረጨው ጨረር በዓይን የሚታየው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ ሌላው ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው የሙቀት ጨረር) ነው። የሞገድ ርዝመቱ ከ1,400 ናኖሜትር በላይ የሆነው እንባና ኮርኒያ ላይ ይቀራል፤ ማታ የሚሰማዎት ድርቀት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚያ ያነሰው ግን አልፎ ይገባል። ከፊሉ ሌንሱ ላይ ያርፋል፤ ከፊሉን በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ክፍል፣ አይሪስ፣ ይመጠውና እንደ ምጣድ ግሎ፣ ከኋላው የተጠጋውን ሌንስ ያሞቀዋል። ይህ በየቀኑ ለዓመታት ሲደጋገም የሌንሱ ፕሮቲን ይደፈርሳል፤ ብዙ ጊዜም የሚጀምረው ከሌንሱ ጀርባ ነው።

ተራ የፀሐይ መነጽር አይበቃም፤ ጥቁር ሆኖ ኢንፍራሬድ የሚያሳልፍ አለ። ለእቶን ሥራ የተሠራ ኢንፍራሬድ ማጣሪያ መነጽር ይጠይቁ። በቀድሞው የአውሮፓ መስፈርት በተሠሩት ላይ የመነጽሩ መለያ ቁጥር በ4 ይጀምራል (ለምሳሌ 4-4)፤ እቶኑ በጋለ ቁጥር ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ከፍ ማለት አለበት። በአርክ ለመበየድ ግን ይህ አይሆንም፤ የብየዳ ጭንብል ያስፈልጋል። ርቀትም ዋጋ አለው፤ የእቶኑ አፍ ትንሽ ከሆነ ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ማፈግፈግ ጨረሩን ወደ ሩብ ያወርደዋል። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ መመሪያ ከ1,000 ሴኮንድ (17 ደቂቃ ገደማ) ለሚበልጥ ቆይታ ዓይን ላይ የሚያርፈው ኢንፍራሬድ በካሬ ሜትር ከ100 ዋት እንዳይበልጥ ይላል፤ አሠሪዎ እንዲያስለካ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ለድርቀቱ ሰው ሠራሽ እንባ ይጠቀሙ። ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይንኩ፤ እሱ ራሱ ሞራ ሊያመጣ ይችላል።

አሁኑኑ አንድ ጊዜ ይመርመሩ፤ ከዚያም በየዓመቱ። ሥራዎን ለሐኪሙ ይንገሩትና ብሌንዎ በጠብታ ተከፍቶ የሌንሱ ጀርባ ይታይ። የመኪና መብራት ከበተነብዎት፣ ፀሐይ ላይ እይታዎ ከደከመ ወይም ማንበብ ከከበደዎት ግን ዓመቱን አይጠብቁ። የብረት ፍንጣሪ ዓይንዎ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሳያሹት በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።