ጥያቄውን ገልብጦ የጻፈ ተማሪ ለምን ሙሉ ነጥብ አገኘ?

ጥያቄ፦ ሙድል በተባለው የመማሪያ መድረክ ላይ፣ የሒሳብ መልሶችን በሚያርመው በስታክ ባዘጋጀሁት ፈተና «ኤክስ² − 5ኤክስ + 6ን ፋክተራይዝ አድርጉ» (በቅንፎች ብዜት መልክ ጻፉ) የሚል ጥያቄ አለ። ጥያቄውን እንዳለ ገልብጦ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ተሰጠው። መልሱን የሚያመሳክረው መፈተሻ አልጅኢኩዊቭ (AlgEquiv) የተባለው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። አልጅኢኩዊቭ፣ ከስታክ ጀርባ ባለው የአልጀብራ ፕሮግራም በማክሲማ አማካይነት፣ ሁለቱ መልሶች በአልጀብራ እኩል መሆናቸውን ብቻ ያያል፤ የአጻጻፍ ቅርጽ አያሳስበውም። እርስዎ ደግሞ የፈለጉት ቅርጹን ነው።

አንዱን መፈተሻ በሦስት ይተኩት። የመጀመሪያው አልጅኢኩዊቭ ሆኖ ይቆይ። መልሱ እኩል ከሆነ ወደ ሁለተኛው፣ መልሱ በቅንፎች ብዜት መልክ መጻፉን ወደሚያየው ፋክፎርም (FacForm) ይለፍ፤ በአማራጭ ሳጥኑ ውስጥ ተለዋዋጩን ኤክስን መጻፍ አይርሱ። እዚህ ያለፈ 1፣ የወደቀ 0 ያግኝ፤ ገልብጦ መጻፍ ምንም ሥራ አይደለምና። በፋክፎርም ፈንታ፣ ከቅደም ተከተልና ከአቧደን ልዩነት በቀር አጻጻፉ አንድ እንዲሆን የሚጠይቀውን ኢኳልኮምአስን (EqualComAss) አይምረጡ፤ (2−ኤክስ)*(3−ኤክስ) ብሎ በትክክል የመለሰውን ተማሪ ይጥልብዎታል።

ከመጀመሪያው የወደቀው መልስ ወደ ሦስተኛው ይሂድ፤ እዚያ ከ(ኤክስ+2)*(ኤክስ+3) ጋር ያወዳድሩት። ምልክት ብቻ የሳተ ተማሪ መንገዱን አውቆታልና 0.4 ቢያገኝ ተገቢ ነው፤ «ቅንፎቹን አባዝተህ የመካከለኛውን ምልክት ተመልከት» የሚል አስተያየትም ይጻፉለት። መጨረሻው ላይ «= 0» የጨመረ ግን ከመጀመሪያው መፈተሻ ይወድቃል፤ እኩልታና መግለጫ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ በጥያቄው ውስጥ አስቀድመው ያሳስቡ።

በቅንፎቹ ውስጥ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ለየተማሪው ለመቀያየር ካሰቡ፣ ሁለተኛው ቁጥር 0ን፣ የመጀመሪያውን ቁጥርና ተቃራኒውን እንዳይወስድ ይከልክሉ። ተቃራኒ ከሆኑ «የምልክት ስህተት» ያሉት መልስ ከትክክለኛው ጋር አንድ ይሆናል፦ (ኤክስ−3)*(ኤክስ+3) ምልክቱ ቢገለበጥም ያው ነው።

ከዚያ በጥያቄ መሞከሪያው ላይ ቢያንስ አራት መልሶች ከሚጠበቀው ነጥብ ጋር ያስገቡ፦ ትክክለኛውን፣ ምልክቱ የተገለበጠውን፣ እንዳለ የተቀዳውን ጥያቄና ፍጹም ስህተት የሆነውን። ቁጥሮቹን ከቀያየሩ፣ ሙከራው ለተማሪዎች በሚወጡት የጥያቄው ቅጂዎች ሁሉ ላይ ይሂድ።

ቀድሞ ለተፈተኑት በድጋሚ አርም የሚለውን ይጠቀሙ፤ ግን መጀመሪያ ነጥብ ሳይቀይር የሚያሳየውን ሙከራ ያሂዱ። ተማሪዎች የተፈተኑበትን ጥያቄ የዕድል ቁጥሮች (ለየተማሪው በዘፈቀደ የሚወጡትን) ግን አይንኩ፤ የመለሱትና የሚታረሙበት ጥያቄ ሊለያይ ይችላል።