ድንጋይ ይሸብታል ወይስ ሽበት ይበቅልበታል?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ስለ ደረቅ ተራራማ ሸለቆዎች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንድ ቦታ ላይ ስለ «ክረስቶስ ላይከን» ይተርካል፤ «ክረስቶስ» በእንግሊዝኛ ቅርፊት መሰል ማለት ነው። እኔ «ዓለት ላይ ተለጥፎ የሚኖር ቅርፊታም የድንጋይ ሽበት» አልኩት። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ግን «ሽበት የሰው ነው፤ ላይከን ብለሽ እለፊው» ይለኛል። ደግሞስ ድንጋዩ «ሸበተ» ነው ወይስ ሽበት «በቀለበት» የሚባለው?

መልስ፦ ሽበት የሰው ብቻ ነው ያለው ማን ነው? «የድንጋይ ሽበት» ሕዝቡ ያወጣው ስም ነው። ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠለውንም የዛፍ ሽበት እንለዋለን። ላይከን ማለትም ነውር የለውም። መጀመሪያ ላይ አንዴ «ላይከን የሚባለው የድንጋይ ሽበት» ይበሉና ከዚያ በኋላ በአማርኛው ይቀጥሉ። «ክረስቶስ»ን ግን እባክዎ ይተዉት። አንዱ አራሚ የፊደል ግድፈት መስሎት ወደ ክርስቶስ ቢያቃናልዎ ጉድ ይፈላል!

የባልደረባዎን ምክር ባልቀበልም «ቅርፊታም» የሚለው እኔንም ቅር ብሎኛል። ጠጉራም፣ ሆዳም፣ ሀብታም ስንል ነገሩ በብዛት ያለው ማለታችን ነው። ቅርፊታም ቢባል የሚያምርበት ዛፍ ነው፤ ቅርፊት አለውና። ይህኛው ሽበት ግን ቅርፊት ያለው ሳይሆን ራሱ ቅርፊት የመሰለ ነው። ለመምሰል የምንጠቀመው ደግሞ «ማ»ን ነው። ወርቃማ ቀለም ወርቅ የለበትም፤ ወርቅ ይመስላል እንጂ። ብርማ፣ አመድማ፣ ቢጫማም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ «ቅርፊታማ» ይበሉ። ያው አንድ ፊደል ናት፤ ግን ትርጉሙን ትለውጠዋለች።

«ተለጥፎ» የሚለውንም ቢያስቡበት ጥሩ ነው። ቤዛዊት ኮረብታ ወጣ ይበሉና አንዱን ጥቁር ድንጋይ ጠጋ ብለው ይዩት። ነጣ ያለ ወይም አመድማ፣ ክብ ክብ የሠራ፣ እድፍ የሚመስል ነገር ያያሉ። በጥፍርዎ ቢፍቁት ትንሽ ዱቄት ይወጣ እንደሆነ እንጂ አይላጥም። የተለጠፈ ነገር ይላጣል። የዚህኛው ግን ክሮቹ በድንጋዩ ቅንጣቶች መካከል ስለሚገቡ ድንጋዩን ሳይሸርፉ ማንሳት አይቻልም። «ዓለቱን ነክሶ የሚኖር» ቢሉት ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። «ድንጋዩ ሸበተ» ትክክል ነው። «የራሱ ያልሆነ ነገር ሰፍሮበት እንዴት ሸበተ ይባላል?» የሚል ይኖራል። ዳቦው ሻገተ ስንልስ? ሻጋታውም የመጣው ከውጭ ነው፤ ማንም ግን አልተከራከረም። ወሬው ስለ ድንጋዩ ሲሆን «ሸበተ» ያምራል። ፊልሙ የሚያወራው ግን ስለ ሽበቱ አኗኗር ስለሆነ እዚያ «በቀለ» ይሻላል። ላይከን ተክል አለመሆኑ አያሳስብዎ። ጥርስም ጢምም ተክል ሳይሆኑ ይበቅላሉ። «ወረረው» ወይም «ተንሰራፋበት» ግን አይሆንም። እንዲህ ያለው ሽበት አብዛኛውን ጊዜ በዓመት 1 ሚሊሜትር እንኳ አያድግም።

«አልጌ ነው» ወይም «ፈንገስ ነው» ብለውም አይቁረጡ። ሁለቱም ናቸው። የስዊሱ ተመራማሪ ሲሞን ሽቬንደነር በ1867 እ.ኤ.አ. ላይከን ፈንገስና ዋቅላሚ፣ ማለትም አልጌ፣ ተጣምረው የሚኖሩበት ነገር ነው ሲል የሙያ ጓደኞቹ ብዙም አልተቀበሉትም ነበር። ፈንገሱ ቤት ይሆናል፤ አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። ስለዚህ «ተጣምረው» እንጂ «ተደባልቀው» አይባልም።

ያልጠየቁኝን አንድ ልጨምር። ስለ ደረቅ ሸለቆ ሲተርኩ «ሽበቱ ይደርቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር መምጣቱ አይቀርም። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። በእኛ አማርኛ ዛፉ ደረቀ ማለት ሞተ ማለት ነው፤ በቃ፣ ለማገዶ ነው። የድንጋይ ሽበት ግን ደርቆ አይሞትም። ሥራውን አቁሞ ይቆይና ጠል ወይም ጭጋግ ሲያገኝ ይቀጥላል። በ2005 እ.ኤ.አ. ሁለት የድንጋይ ላይከን ዝርያዎች ፎቶን-ኤም2 በተባለች መንኮራኩር ተልከው፣ ሁለት ሳምንት ያህል አየር በሌለበት ጠፈር ተጋልጠው፣ ተመልሰው ሥራቸውን ቀጥለዋል። ስለዚህ «ደርቆ ይቆያል» ወይም «ደርቆ ይጠብቃል» ይበሉ። «ይቆያል» የምትለዋ ቃል ከቀረች ተመልካቹ ቀብሮት ይነሳል።

ብዙ ቁጥሩን በተመለከተ «ሽበቶች» አይበሉ። «ሦስት ዓይነት የድንጋይ ሽበት» ይበቃል።