ቀለሙ ከካሜራው በፊት

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የሠርግና የልደት ፎቶ እያነሣሁ የምተዳደር ወጣት ነኝ። የፎቶ ባለሙያዋን የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች ስመለከት ፊታቸው የተቀባው ሴቶችና ደማቆቹ ቀለሞች ይስቡኛል። ጓደኞቼ ግን «ሁሉም የኮምፒውተር ሥራ ነው» ይሉኛል። እውነት ነውን? እንዲህ ያለ ሥራ ለመሥራት ብፈልግ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሚያዩት ቀለም በአብዛኛው ፎቶው ከመነሣቱ በፊት በሰው ገላና በልብስ ላይ የዋለ ነው። አይዳ ሐሳባቸውን አስቀድመው በወረቀት ይነድፋሉ፤ አልባሳቱ፣ የገላ ቅቡና መብራቱ የሚዘጋጁት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከሠሯቸው «99» ከተሰኙት ተከታታይ ምስሎች አንዱን ቀረብ ብለው ይመልከቱ፤ ሴቲቱ ነጭ ተቀብታለች፣ እጆቿ ግን ደም የነካቸው ይመስል ቀልተዋል። ነጩ ቅብ የፊቷን ጥላ ስለሚያሳሳው የተመልካች ዐይን ሌላ ማረፊያ አጥቶ በቀጥታ ወደ እጆቿ ይሄዳል። ቀዩን ቢያነሡት ሐሳቡም አብሮ ይጠፋልና በኋላ የተጨመረ ጌጥ ሊባል አይችልም።

አይዳ የጀመሩት ግን በቀለም አይደለም፤ በእኔ እምነት ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅመውም ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ከአገር ወጥተው በየመን፣ በቆጵሮስና በካናዳ ከኖሩ በኋላ፣ በ2000 ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ በፊልም ትምህርት ተመርቀው ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በፎቶ ጋዜጠኝነት ሠርተዋል። የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ባለው ብርሃን ይሠራል፣ ባለጉዳዩን «እንዲህ ቁምልኝ» አይልም፣ ያመለጠውንም ቅጽበት መልሶ አያገኘውም። ዛሬ በምስሎቻቸው ውስጥ አንዲት እጅ እንኳ ያለ ምክንያት ስትዘረጋ የማናየው፣ ሰው ሳይታዘዝ እንዴት እንደሚቆምና እንደሚያይ በዚያ ሥራ ጠንቅቀው ስለተረዱ ይመስለኛል።

የፎቶ ጋዜጠኝነቱ ጉዳይም አልተለያቸውም። በንጹሕ ውኃ አቅርቦት ላይ ለሚሠራው ለዎተርኤድ ድርጅት በሠሯቸው 12 ምስሎች፣ ውኃ ለመቅዳት ረጅም መንገድ የሚጓዙትን ሴቶች ድካም በአፋር ዳሎል ምድር ላይ ቀለም በለበሱ ሴቶች አማካይነት አሳይተዋል። ችግሩ አልተሸሸገም፤ ሴቶቹ ግን የሰው ከንፈር እንዲመጠጥላቸው ሆነው አልቀረቡም። ለዚህ ነው ሥራውን ከልቤ የማከብረው።

ስለዚህ የሠርግ ሥራዎን እንደ እንቅፋት አይዩት። በመልስ ዕለት ሙሽራዋ ካባዋን ለብሳ ስትቀመጥ፣ ፈቃዷን ጠይቀው ከመስኮት አጠገብ ያስቀምጧት፤ መብራቱን አጥፍተው ከአንድ ወገን በሚገባው ብርሃን ብቻ ያንሷት። ከካባው ቀለም ጋር የሚሻማ መጋረጃ ወይም አበባ ካለ ከበስተጀርባዋ ያስወግዱት። ከዚያ በፊት ግን ምስሉን በወረቀት ይንደፉት፤ ሥዕል አለመቻልዎ አያሳስብዎ፣ እጇ የት እንደሚያርፍና ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ መስመር ማስመር ብቻ ይበቃል። ሠርግ በሌለበት ሳምንት ደግሞ ካሜራዎን ይዘው ገበያ ይውጡ፤ ማንንም ሳያስተካክሉ፣ አስፈቅደው ያንሡ። ነጭና ቀይ ቅቡን ለጊዜው ይተዉት፤ ፊት መቀባት የሚያስፈልገው ሐሳብ ሲመጣልዎ ቀለሙን ያኔ ይገዙታል።