ሸራውን ቀቢው፣ ወረቀቱን ግን ተይው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንቺ በአክሪሊክ፣ ማለትም በውሃ በሚቀጥነው የሥዕል ቀለም፣ የሠራሽው የሸራ ሥዕል አለሽ፣ አባትሽ የተዉልሽ ስስ ወረቀት ላይ የተሠራ የውሃ ቀለም ሥዕልም አለ፣ እና ከሕንጻ መሣሪያ ሱቅ አንድ ቫርኒሽ ገዝተሽ ሁለቱንም ልትቀቢ ነው። አጭሩ መልስ፦ ሸራው ይቀባል፣ ወረቀቱ በፍጹም፣ የሕንጻ መሣሪያ ሱቁ ቫርኒሽ ደግሞ ለሁለቱም አይሆንም። ረጅሙን ከፈለግሽ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

ከወረቀቱ ልጀምር፣ እሱ ከተበላሸ መመለሻ የለውም።

ገና ስጀምር የእንጦጦን ባሕር ዛፎች በውሃ ቀለም ሠርቼ ለጓደኛዬ ሠርግ ስጦታ ላደርገው ነበር። መስታወት ማስገጠም ተወደደብኝ። ቤት ውስጥ ለበር ተገዝቶ የተረፈ ቫርኒሽ ነበር። ቀባሁት። ሳምቡሳ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ታውቂያለሽ አይደል፣ ዘይቱ ዘልቆት ወዲያ ማዶውን የሚያሳየው? ልክ እንደዛ ሆነ። ባዶ የተውኩት ነጭ ሰማይ ቡኒ ሆኖ፣ ከጀርባ በእርሳስ የጻፍኩት «እንኳን ደስ አላችሁ» ደመናው መሐል ተገልብጦ ይነበብ ጀመር። ለሠርጉ ብርድ ልብስ ገዝቼ ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውሃ ቀለም ወረቀቱ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን ቃጫው ውስጥ የሰረገ ነው፣ ቫርኒሹም ተከትሎት ይሰርጋል። ሸራ ላይ ግን አክሪሊኩ ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ስለሚሆን ቫርኒሹ ከላይ ይቀራል። ጭሱንና አቧራውን እሱ ይቀበላል፣ ከዓመታት በኋላ ሲቆሽሽ በማሟሚያ ይነሳና አዲስ ይቀባል። የሥዕል ቫርኒሽ ትልቁ ጥቅሙ መነሳቱ ነው። ወረቀት የጠጣው ቫርኒሽ ግን አይወጣም።

ስፕሬይስ? ትይኝ ይሆናል። ቀለል ይላል እንጂ እሱም የወረቀቱን መልክ ይለውጣል፣ በተለይ ስስ ከሆነ። ለከሰል ሥዕል የሚነፋው ፊክሳቲቭ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው፣ ብናኙን ይይዛል እንጂ ከውሃም ከአቧራም አያድንም። (በሱ ፈንታ የፀጉር ስፕሬይ የምትነፉ ሰዎች፣ ኧረ ተዉ፣ ቢጫ ያደርገዋል።) ብራናም ቫርኒሽ አይቀባም፤ ቆዳ ስለሆነ እርጥበት ሲነካው ይጨማደዳል።

የአባትሽን ሥዕል መስታወት አስገጥሚለት። መስታወቱ ግን ወረቀቱን እንዳይነካው። ዙሪያውን መሐሉ የተቆረጠ ወፍራም ካርቶን ይግባበት፣ አሲድ የሌለው ከተገኘ በጣም ጥሩ። ክረምት ላይ መስታወቱ ከውስጥ ሲያልበው የተጠጋው ወረቀት ተጣብቆበት ይሻግታል። ስኮች አታስነኪው። መስታወት አለው ብለሽም ፀሐይ ፊት አትስቀይው፣ የውሃ ቀለም ቶሎ ይደበዝዛል።

አሁን ወደ ሸራሽ። የበር ቫርኒሽ የሚከለከለው ቢጫ እየሆነ ስለሚሄድና አንዴ ከያዘ ስለማይለቅ ነው። ለሥዕል የተሠራ፣ ሊነሳ የሚችል መሆኑ የተጻፈበት ግዢ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ በብሩሽ የሚቀባውን፣ ውሃ ላይ የተመሠረተውን አስመጪ፤ የቫርኒሽ ስፕሬይ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፣ ዘመድሽን ኤርፖርት ላይ ታስጨንቂዋለሽ።

አክሪሊኩ ስትነኪው ደረቅ ቢመስልም ወፍራም ቦታው ውስጡ እርጥብ ነው፣ ሁለት ሳምንት ስጪው። (የዘይት ቀለም ቢሆን ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ነበር የምልሽ።) ከዚያ መለያ ሽፋን ቀቢ፤ 2 እጅ አብረቅራቂ ሶፍት ጄል (ሲደርቅ ጥርት የሚል፣ ቀለም የሌለው የአክሪሊክ ጄል) ከ1 እጅ ውሃ ጋር ቀስ ብለሽ አዋህጂ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። አክሪሊክ ራሱ በማሟሚያ ስለሚለሰልስ፣ አንድ ቀን ቫርኒሹ ሲነሳ ቀለምሽ አብሮ እንዳይነሳ የሚጠብቅልሽ እሱ ነው።

ሲደርቅ ሸራውን ጠረጴዛ ላይ አስተኚው። አቧራውን አራግፊ። ጣሳውን አትነቅንቂው፣ አረፋ ይሞላል፤ በእንጨት አማስይ፣ በተለይ የማያብረቀርቀው ዓይነት ከሆነ፣ ማደብዘዣው ከሥር ስለሚዘቅጥ። 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ለስላሳ ብሩሽ ያዢና ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ሳታቋርጪ ሂጂ። አንዴ ካለፍሽበት አትመለሺ! የዘለልሽው ቦታ ቢታይሽም ተይው፣ መጣበቅ በጀመረ ቫርኒሽ ላይ ብሩሽ ስትመልሺ ጭረቱ ይቀራል። የዘለልሽውን ሁለተኛው ቅብ ይሸፍነዋል። እሱን በማግስቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ቀቢ። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል።

እና ሐምሌ ላይ አትሞክሪው። እኔ አንድ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ቀብቼ ተኛሁ፣ ጠዋት ስነሳ ጥቁሩ ቀለም ላይ ወተት የተደፋ መሰለኝ። እርጥበቱ ነው። ጥቅምትን ጠብቂ፣ ወይም ፀሐይ የወጣበትን ቀን፣ ረፋድ ላይ።

ደግሞ ሸራ ሁሉ የግድ ቫርኒሽ ይቀባል ማለትም አይደለም። ሠዓሊው ካሚል ፒሳሮ አንድ ሥዕሉ ጀርባ ላይ እባካችሁ ቫርኒሽ እንዳትቀቡት ብሎ ጽፎበታል፣ ፈዘዝ ያለ መልኩን ፈልጎት ነው። አንቺ ከቀባሽው ደግሞ ከጀርባው ባለው እንጨት ላይ የቫርኒሹን ስምና ቀኑን ጻፊበት፣ ነገ የሚያነሳው ሰው በምን እንደሚያነሳው ይወቅ።