ክፍቱ ወይስ ዝጉ? ለፖሊዋ ተማሪ

ሰላም እህቴ። «ፖሊ የመጨረሻ ዓመት ነኝ፣ ጓደኞቼ ክፍቱን ብሎክቼን ኢቴሪየምንና የፕሮግራም ቋንቋውን ሶሊዲቲን ያዢ ይሉኛል፣ አስተማሪዬ ግን ድርጅት የሚፈልገው ዝግ ብሎክቼን ስለሆነ ለዚያ የተሠራውን ሃይፐርሌጀር ፋብሪክን ብትማሪ ይሻላል አለኝ፣ የቱ ይሻለኛል?» ብለሻል። ብሎክቼን ብዙ ወገኖች ቅጂውን የሚይዙት የጋራ መዝገብ ነው፤ ክፍቱን ማንም ያያል፣ ዝጉ ግን ለተፈቀደለት አባል ብቻ ነው። በሶሊዲቲ ጀምሪ። አስተማሪሽ ግን አልተሳሳተም።

እዚሁ ባሕር ዳር ከአንድ ተመራቂ ጋር አንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ልጁ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ክፍት ብሎክቼን አስረዳ። ሰውየው ዝም ብለው ሰሙት፤ ሲጨርስ «ጎረቤቴ በስንት እንደገዛሁ ያያል?» አሉት። መልስ አልነበረውም። ቡናችንን ጠጥተን ወጣን። ለእሳቸው ነገሩ የእቁብ ደብተር ቅዳሜ ገበያ መሃል እንደመዘርጋት ነው። ዝጉ ላይ ግን ደብተሩን የሚያየው አባል ብቻ ነው፣ ነገር ሲበላሽም የሚጠየቅ ሰው አለ። ነጋዴ ይህን ይወዳል።

ዝጉም ቢሆን በሩን ስለዘጋ ብቻ አልጸናም። የመርከብ ድርጅቱ ሜርስክና የቴክኖሎጂው ድርጅት አይቢኤም ትሬድሌንስ የሚባል በዝግ ብሎክቼን የሚሠራ የመርከብ ጭነት መድረክ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ይፋ አድርገው ነበር፤ በ2022 መጨረሻ፣ ዘርፉ በሚፈለገው መጠን አልተባበረም ብለው እንደሚዘጉት ተናገሩ። እኔ እንደሚመስለኝ ኮዱ አይደለም የጣለው፤ ተፎካካሪሽ ባዘጋጀው ደብተር ላይ ገበናሽን መጻፍ ከባድ ነው። በሌላ በኩል ብላክሮክን የሚያህል የኢንቨስትመንት ድርጅት በ2024 አንድ ፈንዱን ያወጣው በክፍቱ ኢቴሪየም ላይ ነው፣ ያውም መግዛት የሚችለው የተፈቀደለት ብቻ ሆኖ። መንገዱ የሁሉም፣ ቤቱ ግን ዘበኛ ያለው።

ሶሊዲቲ ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ በሁለቱም በኩል ያስገባል። የአሜሪካው ባንክ ጄፒ ሞርጋን ኮረም (Quorum) የተባለውን ዝግ ብሎክቼን የሠራው ከኢቴሪየም ኮድ ተነስቶ ነው። ቤሱ የሚባለው የኢቴሪየም ሶፍትዌር ደግሞ በክፍቱም በዝጉም መረብ ይሠራል። የፋብሪክ ፕሮግራም ጎ (Go)፣ ጃቫና ጃቫስክሪፕት በሚባሉ ቋንቋዎች ስለሚጻፍ ጃቫ ካለሽ ኋላ ትደርሽበታለሽ። መለማመጃው ቴስትኔት ነጻ ነው፤ ወጪሽ የኢንተርኔት ብቻ።

ሰርተፊኬት አትሰብስቢ። አንድ ፕሮጀክት ሥሪ። የዘጌን ቡና ውሰጂ፦ ገበሬ፣ ማኅበርና ገዢ፣ ሦስቱም እርስ በርስ የማይተማመኑ። ዋጋውን ደብቂው፤ ውሉ እንዳልተነካካ የሚያሳየውን ሃሽ የሚባል አጭር አሻራ ብቻ ክፍቱ ላይ አውጪ። ያንኑ ኮድ በቤሱ ዝግ መረብ ላይም አስኪጂው። አንድ ነገር ግን እወቂ፣ ሚዛን ላይ ያለ ሰው 40 ኪሎውን 60 ብሎ ካስገባ ብሎክቼኑ ውሸቱን በታማኝነት ያስቀምጥልሻል። ይህን ራስሽ ቀድመሽ ካነሳሽው ኢንተርቪው ላይ ትለያለሽ። የሚጽፈውም የሚያነበውም አንድ ድርጅት ብቻ ከሆነ ደግሞ «ተራ ዳታቤዝ ይበቃችኋል» በያቸው፣ አትፍሪ።

ባንክ ቤት ኢንተርቪው ከገባሽ ኮይን አታንሺ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. እንደ ቢትኮይን ባለ ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) መክፈል ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል፤ አንዴ ቢትኮይን ካልሽ ሌላውን የሚሰማሽ የለም። «የጋራ መዝገብ» በይ፣ ከዚያ ማን ምን እንደሚያይ ወረቀት ላይ ሥለሽ አሳዪያቸው።